የበሽታ መዝገቡን ማን ይለውጣል?

በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን» ሲለኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ዕድሜያችን እዚያ ደርሷል፤ አውቃለሁ። የደም ግፊቱን ሻይ ላይ እንነጋገርበታለን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ በሽታ ሳይሆን በሽታ ስለሚጻፍበት ዝርዝር ነው። ያ ዝርዝር ይለወጥ ሲባል ሐሳቡን ማን ያቀርባል? ማን ይመረምረዋል? ማንስ ይወስናል? ርዕሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ለሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲሱም፣ ለሕግ ባለሙያውም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም ይሆናል ብዬ የመረጥኩት ነው።

ከዕድር ልጀምር። መተዳደሪያ ደንቡ ጸሐፊው ዘንድ አለ። አንድ እሁድ አንዱ አባል ብድግ ብሎ «የባለቤቴ እህት ስትሞትም ድንኳን ይተከልልኝ፤ ደንቡ ይሻሻል» ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ለእሱ ከተፈቀደ ግን ለሁሉም ነው፤ ገንዘቡ ይችላል ወይ? ባለፈው ዓመት ያው ሐዘን ደርሶበት ድንኳን ያላገኘው ሰውዬስ ምን ይባላል? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው? «እህት» ስንል በአንድ ወገን ብቻ የምትገናኘዋንም ይጨምራል? ጥሩ ጸሐፊ ያለው ዕድር ሐሳቡን በጽሑፍ ይቀበላል፣ ለጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባል፣ የተወሰነውንም ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል። ጥሩ ጸሐፊ የሌለው በጭብጨባ ያሳልፍና በሚቀጥለው ወር ይጣላል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ዕድር አባላት የዓለም ሀገራት መሆናቸው ብቻ ነው።

ደንቡ ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ይባላል፤ እኛ በአጭሩ አይሲዲ እንለዋለን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዣክ ቤርቲዮን በ1893 ቺካጎ ላይ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር ለዓለም አቀፉ የስታቲስቲክስ ተቋም አቀረበ። በ1900 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያው ክለሳ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ሲከለስ ኖረ። ከ6ኛው ክለሳ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1948 ወዲህ፣ ጠባቂው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። 10ኛው በ1990 ጸደቀ። 11ኛው በሜይ 2019 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? አንድ ሐኪም ጎንደር ላይ፣ ሌላው ሊማ ላይ፣ ሦስተኛው ኦስሎ ላይ ያዩትን አንድ ዓይነት ሕመም በአንድ ኮድ ይጽፋሉ። ኮዱ ይደመራል። ድምሩ ሪፖርት ይሆናል፣ ሪፖርቱ በጀት ይሆናል፣ በጀቱ መድኃኒት ይሆናል። ካርድ ክፍል የምትቀመጠው ልጅ የምትጽፋት ትንሽ ቁጥር መጨረሻዋ እዚህ ነው። ስለዚህ ከዚህ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይነሣ፣ ይጨመር፣ ይዛወር ማለት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መለወጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ የማልረሳው ምሳሌ አለ። አሜሪካኖች የሞት ምክንያት ቆጠራቸውን ከ9ኛው ወደ 10ኛው ክለሳ ያዛወሩት በ1999 ነው። የሚያስመሰግን ሥራም ሠርተዋል፤ በ1996 የሞቱ ሰዎችን የሞት ምስክር ወረቀቶች ወስደው በሁለቱም ክለሳ ኮድ ሰጧቸው። ያው ሟች፣ ያው ወረቀት፣ ሁለት መጽሐፍ። ውጤቱ ምን ሆነ? በአዲሱ ሲቆጠር በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች የተመዘገበው ሞት 30 በመቶ ያህል ቀነሰ። የአልዛይመር ደግሞ 55 በመቶ ያህል ጨመረ። አንድም ሰው ከሳንባ ምች አልዳነም፤ አንድም ተጨማሪ ሰው አልዘነጋም። የተለወጠው ሕጉ ነው፤ ሌላ በሽታ ያደከመው ሰው መጨረሻ ላይ ሳንባ ምች ቢይዘው ዋናው መነሻ የቱ ነው የሚለው ሕግ። ያንን ድርብ ቆጠራ ባይሠሩት ኖሮ አንዱ ባለሥልጣን መድረክ ላይ ወጥቶ «የሳንባ ምችን ሞት በአንድ ዓመት በሢሶ ቀነስን» ብሎ ያስጨበጭብ ነበር። እኛም እናጨበጭብ ነበር።

ይህ የሩቅ ሀገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ሆስፒታል በዓመቱ አጋማሽ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ የሚመረጡትን የበሽታ ስሞች ለወጠ። ማን እንዳዘዘ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተጻፈ ነገርም የለም። በሦስተኛው ወር አስም በእጥፍ ጨምሯል ተብሎ ስብሰባ ተጠራን። የአየር ብክለት ነው ያለ ነበር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ነው ያለም ነበር። መጨረሻ ላይ ነገሩን የፈታችው የኤች.አይ.ቲ. ባለሙያዋ ናት፤ ቀድሞ ለብቻው ይጻፍ የነበረው የማያቋርጥ ሳል ከምርጫው ስለተሰረዘ ሁሉም ሰው ለሳል የሚቀርበውን አስምን ይመርጥ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ መለወጥ ይህን ያህል አደገኛ ከሆነ ለምን አይተዉትም? አይቻልማ። በ1990 ያላወቅነውን ዛሬ እናውቃለን። ደንቡ ካልተሻሻለ ሰዉ በየቤቱ የራሱን ደንብ ይሠራል። ይህም ደርሷል። ብዙ ሀገራት 10ኛውን ወስደው የራሳቸውን ቅጥያ ጨመሩበት፤ አሜሪካ የራሷ አላት፣ አውስትራሊያ የራሷ፣ ጀርመን የራሷ፣ ካናዳም የራሷ። አሜሪካ የራሷን ቅጥያ በሆስፒታሎች ሥራ ላይ ያዋለችው ደጋግማ ቀጠሮ ካራዘመች በኋላ በኦክቶበር 2015 ነው፤ መሠረቱ ከጸደቀ 25 ዓመት አልፎ ማለት ነው። መጽሐፉ ሁሉም ጋ አንድ ስም ይዞ ውስጡ ይለያያል። መሐንዲሶች ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ብሎኑ ከአንዱ ፋብሪካ፣ ፍሬው ከሌላው ሆኖ አልገባ ሲል።

11ኛው የተሠራው ይህን ለማርገብ ጭምር ነው። ከበፊቱ የሚለየው ደጁ ክፍት መሆኑ ነው። ማንኛውም ሰው ተመዝግቦ የማሻሻያ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ የታማሚዎች ማኅበር። ምን ይለወጥ፣ ለምን ይለወጥ፣ ማስረጃው ምንድን ነው የሚለውን ይጽፋል። ሐሳቡ ለሁሉም ይታያል፤ ሌሎች አስተያየት ይሰጡበታል። ከዚያ የድርጅቱ ሠራተኞች ያዩታል፤ የሳይንስ ጥያቄ ካለበት ወደ ሕክምናና ሳይንስ አማካሪ ኮሚቴው፣ የአቆጣጠር ጥያቄ ካለበት ወደ ምደባና ስታቲስቲክስ አማካሪ ኮሚቴው ይሄዳል። ሁለት ኮሚቴ መኖሩ ቢሮክራሲ ይመስላል። እኔ ግን ከሥርዓቱ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። «ይህ በሽታ በእርግጥ አለ ወይ?» እና «ይህን በሽታ ለብቻው ብንቆጥረው የሌላው ቁጥር ምን ይሆናል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱን በደንብ የሚመልስ ሰው ሌላውን ላያየው ይችላል።

ፍጥነቱም እንደ ለውጡ ክብደት ይለያያል። በፊደል ተራ ማውጫው ላይ አንድ ተለዋጭ ስም መጨመር በማንኛውም ጊዜ ይቻላል። ዝርዝር ጉዳዮች በየዓመቱ ሊሻሻሉ ይችላሉ። ዓለም አቀፍ ሪፖርትን የሚነካ የኮድ ለውጥ በየአምስት ዓመቱ ነው። የሞትና የሕመም አቆጣጠር ሕጎቹ ደግሞ የአሥር ዓመት ዑደት አላቸው። ያ የሳንባ ምች ታሪክ ከየት እንደመጣ ካስታወሳችሁ ሕጎቹ ለምን ከሁሉ እንደሚዘገዩ ይገባችኋል።

እስካሁን ያልኩት በወረቀት ላይ ያለው ነው። ሰው ሲገባበት ምን ይሆናል? ሁለት ሙግቶች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ስትሮክ ነው። ከመካከላችን ዘመድ ያልተነካበት ያለ አይመስለኝም። በ10ኛው ክለሳ ስትሮክ የተቀመጠው ከደም ዝውውር በሽታዎች ጋር ነበር። ምክንያትም አለው፤ ስትሮክ የሚመጣው የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የነርቭ ሐኪሞች ደግሞ «የሚጎዳው አንጎል ነው፤ ምልክቱም ሕክምናውም የአንጎል ነው፤ ከነርቭ ሥርዓት በሽታዎች ጋር ይቀመጥ» አሉ። 11ኛው ሲረቀቅ ሐሳባቸው ተቀባይነት አገኘና ስትሮክ ወደ ነርቭ ምዕራፍ ተዛወረ። ከዚያ በ2016 ረቂቁ ላይ ተመልሶ ወደ ደም ዝውውር ሄደ። የነርቭ ሐኪሞቹ ዝም አላሉም፤ ላንሴት መጽሔት ላይ ሳይቀር ስትሮክ የአንጎል በሽታ መሆኑን ጽፈው ተከራከሩ። በመጨረሻ ወደ ነርቭ ምዕራፍ ተመለሰ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ የመደርደሪያ ጠብ ነው፤ መጽሐፉ በቀኝ ይቀመጥ በግራ። ግን የየምዕራፉ ሞት ሲደመር ስትሮክ ያለበት ምዕራፍ ትልቅ ይሆናል፣ የሌለበት ትንሽ። የነርቭ በሽታ ጥቂት ሰው የሚገድል መስሎ ከታየ የነርቭ ሐኪም ለማሠልጠን ማን ገንዘብ ይመድባል? በሌላ በኩል የስታቲስቲክስ ሰዎችን ስጋትም መናቅ አይገባም፤ «የልብና የደም ሥር ሞት» እየተባለ ለስንት ዘመን የተቆጠረው መስመር በመሐል ይቆረጣል። እኔ በዚህ ሙግት ከነርቭ ሐኪሞቹ ጋር ነኝ። ሕመምተኛው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «አንጎሉ ላይ ምን ደረሰ?» ነው።

11ኛው ለዚህ ዓይነቱ ሙግት አንድ መላ አበጅቷል። ከኮዱ ዝርዝር በስተጀርባ ሰፊ የስሞች መረብ አለ፤ እዚያ አንድ በሽታ ሁለት ወይም ሦስት ወላጅ ሊኖረው ይችላል። ሰው የእናቱም የአባቱም ቤት ልጅ እንደሆነው ማለት ነው። ቆጠራ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ሁለት ቤት አይቆጠርም፤ ስለዚህ ለድምሩ አንድ ዋና ቦታ ይመረጣል። ሙግቱን አላስቀረውም፤ አጠበበው እንጂ።

ሁለተኛው እርጅና ነው። በ10ኛው ክለሳ አር54 የሚባል ኮድ አለ፤ የእርጅና መድከምን የሚይዝ። ለ11ኛው ይህ ተቀይሮ ርዕሱ በቀጥታ «እርጅና» እንዲሆን ተዘጋጀ። ይህ ሲታወቅ ከብዙ ሀገር፣ በተለይ ከላቲን አሜሪካ፣ የአረጋውያን ሐኪሞችና ለአረጋውያን መብት የሚሟገቱ ድርጅቶች ተነሡ። ክርክራቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ዕድሜን ራሱን እንደ ሕመም መጻፍ አረጋውያንን ማሳነስ ነው። ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ የሚከብደው ነው፤ ሐኪሙ «እርጅና» ብሎ መጻፍ ከተፈቀደለት እውነተኛውን ምክንያት አይፈልግም። የልብ ሕመሙም፣ ካንሰሩም፣ ሳይታከም የቀረው ኢንፌክሽኑም «እርጅና» ውስጥ ይደበቃል። በሌላ ወገን ደግሞ ዕድሜን ስለማራዘም የሚመራመሩ ሰዎች እርጅና ኮድ ቢያገኝ መድኃኒት ለመፈለግ መንገድ ይከፍታል ብለው ደግፈው ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ሲል «እርጅና» የሚለው ርዕስ ተነሣ፤ በምትኩ «ከዕድሜ መግፋት ጋር የተያያዘ የውስጣዊ አቅም መቀነስ» የሚል ገባ።

ቃሉ መነሣቱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ምትኩን ግን አልወደድኩትም። ይህን ሁሉ ቃል በእኩለ ሌሊት ተረኛ ሐኪም ይጽፈዋል ብሎ የሚያምን ሰው ተረኛ ሆኖ አያውቅም። ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ለውጡ የመጣው በደብዳቤና በዘመቻ ብዛት ነው። ሐሳቡ ትክክል በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ነገ ግን ያው ጫና የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ቢመጣስ? የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያዎች ማኅበራት የጨዋታ ሱስ ከዝርዝሩ ይውጣ ብለው ጠይቀዋል፤ ጥያቄው ሳይሳካ ቀርቶ ዛሬም ኮዱ አለ። ጩኸትንና ማስረጃን መለየት የሚቻለው ሐሳቡና መልሱ በግልጽ ሲጻፉ ነው። በነገራችን ላይ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ በስኮትላንድ የሞት መዝገብ ላይ የተጻፈው ምክንያት «እርጅና» ነው። እኛም ሀገር «ዕድሜ ጠግቦ» ይባል የለ? ለለቅሶ ጥሩ ቃል ነው። ለመዝገብ ግን አይሆንም።

አንዳንዴ ደግሞ አምስት ዓመት መጠበቅ አይቻልም። ለዚህ 10ኛውን ያዘጋጁት ሰዎች ከሠሩት ሁሉ ብልሁ ባዶ ቦታ መተዋቸው ነው። በዩ ፊደል ሥር ገና ላልታወቁ በሽታዎች የተያዙ ኮዶች ነበሩ። ኮቪድ ሲመጣ በ2020 መጀመሪያ ላይ ዩ07.1 ተሰጠው። ጥቂት ቆይቶ በማርች ዩ07.2 ተጨመረ፤ ይህኛው ምርመራው በላቦራቶሪ ላልተረጋገጠለት ግን ምልክቱና ታሪኩ ኮቪድ ለሚመስል ሕመምተኛ ነው። የላቦራቶሪ መመርመሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል የሠራችሁ የዚች ሁለተኛ ኮድ ጥቅም ይገባችኋል። እሷ ባትኖር ግማሹ ሕመምተኛችን ያልነበረ ይሆን ነበር።

ኤምፖክስንም አስታውሱ። በእኛ ቋንቋ ዜናው ሁሉ «የዝንጀሮ ፈንጣጣ» ይለው ነበር፤ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደ ነው። ስሙ ሰዎችን ለስድብ እያጋለጠ ነው የሚል አቤቱታ በዛና የዓለም ጤና ድርጅት በኖቬምበር 28 ቀን 2022 ኤምፖክስ የሚለውን ስም አጸደቀ። አሠራሩን ልብ በሉ። አሮጌውን ስም በዚያው ቀን አልሰረዙትም፤ ወረርሽኝ መሐል ስም መለወጥ ግራ ያጋባል ተብሎ ለአንድ ዓመት ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን እንዲሠራባቸው ተደረገ። አሮጌው ስም ዛሬም በምደባው ሲፈለግ ይገኛል፤ የቆዩ ጽሑፎች እንዳይጠፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን፤ እነዚህ ግን እየሮጡም ቢሆን አጥብቀው ታጥቀዋል።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ።

ዝሆኔ የምንለውን በሽታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እግር የሚያሳብጠውን። በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በሕክምና ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንዱ በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ፋይላሪያ በተባለ ትል ይመጣል፤ መከላከያው ለሕዝብ በጅምላ የሚታደል መድኃኒት ነው። ሌላው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ትልም ትንኝም የለበትም። ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት ደጋና ወይና ደጋ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ የሚይዘው ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆስላል። ስሙን ያወጣለትና ከአፈሩ ጋር ያለውን ዝምድና ያስረዳው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። መከላከያው ጫማና እግር መታጠብ ነው። በሀገራችን በተደረገ የካርታ ጥናት የታማሚዎቹ ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል። ልብ በሉ፤ ለትሉ የሚታደለው መድኃኒት ለዚህኛው ምንም አያደርግለትም፤ ጫማው ደግሞ ትንኟን አያስቆምም።

በ10ኛው ክለሳ ፋይላሪያው የራሱ ቤት አለው። በትል ያልመጣው ዝሆኔ የተቀመጠው ግን አይ89.0 በሚባለው ኮድ ሥር ነው፤ ትርጉሙ «በሌላ ቦታ ያልተመደበ የሊምፍ እብጠት» ማለት ነው። ከጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና በኋላ ክንዷ ካበጠው ሴት በቀር የቀረው የሊምፍ እብጠት አብዛኛው በአንድ ከረጢት። ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሌላ» በሚለው ረድፍ ይገባል። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች በወር ሪፖርት ላይ ከፍተኛ ቁጥር ከሚይዙት ረድፎች አንዱ ይኸው «ሌላ» ነበር። ለ«ሌላ» ጫማ የሚገዛ የለም።

ይህ ጉዳይ ለሕመምተኞቹ ቀላል አይደለም። በዘር ይተላለፋል ተብሎ ልጅ ለጋብቻ ትከለከላለች፤ ገበያ ላይ ሰው ይሸሻቸዋል። ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት እግራቸው ካበጠ ከዓመታት በኋላ ነው። በሽታው ግን አስቀድሞ ይናገራል፤ የእግር ጀርባ ማሳከክ፣ ሌሊት የሚያቃጥል ስሜት፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል የእግር ጣቶች አካባቢ። በዚያ ደረጃ ቢያዝ ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ብቻ ብዙውን ይመልሱታል።

በ11ኛው ፖዶኮኒዮሲስ የት እንደገባ እኔ አልነግራችሁም። ዛሬ ማታ ራሳችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። ስታዩት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። እኛ ሀገር የሚጠራባቸው ስሞች ሲጻፉ ይገኛል? አጭር መግለጫው አሁን የነገርኳችሁን የመጀመሪያ ምልክቶች ይዟል ወይስ ያበጠውን እግር ብቻ? ፎቶግራፍ ሳይሆን ንክኪ ብቻ ያለው፣ ላቦራቶሪ የሌለው የገጠር ነርስ ከትል ከሚመጣው ሊለየው ይችላል?

ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር በዚህ ላይ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ እያረቀቅን ነው። መጀመሪያ አሥር ነገር ጽፈን ነበር፤ ስሙ፣ መግለጫው፣ ደረጃዎቹ፣ ከሌሎች የእግር በሽታዎች ጋር ያለው ልዩነት፣ ቁጣችንም ጭምር። አሥሩን በአንድ ላይ የያዘ ሐሳብ አንዱ ስለማያስማማ ዘጠኙም ተከትለውት ይወድቃሉ። አሁን ለያይተነዋል። ተለዋጭ ስሞቹ ለብቻቸው ይሄዳሉ፤ ቀላሉና ፈጣኑ እሱ ነው። መግለጫው ለብቻው ይሄዳል፤ እሱ ማስረጃ ይፈልጋል። ኮድን የሚነካው ለጊዜው ይቆያል፤ ቁጥሩን ሳንሠራ አንነካውም።

ሐኪሞች ብቻችንን የማንጨርሰው እዚህ ላይ ነው። የቆዩ ካርዶችን አውጥተን በሁለት መንገድ ኮድ ልንሰጣቸው እንፈልጋለን፤ አሜሪካኖቹ እንዳደረጉት በትንሹ። ስንት ካርድ እንደሚበቃ፣ እንዴትስ እንደሚመረጥ የሚነግረን የስታቲስቲክስ ሰው ያስፈልገናል። የሕመምተኛ ካርድ በማን ፈቃድ ይከፈታል የሚለውን የሕግ ልጆች እንድታዩልን እንፈልጋለን፤ ይህን ሳንጨርስ አንድም ካርድ አንነካም። በሽታው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በወላይትኛ፣ በሲዳምኛ እንዴት እንደሚጠራ፣ የትኛው ስም ስድብ የትኛው ስም እንደሆነ የሚለይልን የቋንቋ ሰው እንሻለን። «ዝሆኔ» የሚለውን ራሱን ማስገባታችን ልክ ነው ወይ በሚለው እኔና አንዱ ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ቃሉ ሰውን ያዋርዳል፣ አይግባ ይላል። እኔ ደግሞ እናት ልጇን ይዛ መጥታ የምትናገረው ቃል እሱ ከሆነ ነርሷ ስትፈልገው ማግኘት አለባት እላለሁ። ዋናው ርዕስ አይሁን እንጂ ማውጫው ላይ ይኑር። የኤምፖክስን አካሄድ ያነሣሁላችሁ ለዚህም ነበር።

ሐሳባችን ውድቅ ሊደረግ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ምክንያቱ ተጽፎ ይመለስልናል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውም ያንን አንብቦ ከዚያ ይቀጥላል። ከመርሐ ግብሩ እንደምታዩት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10 ተኩል ምንም አልተያዘም። ረቂቁን አትሜ አሥር ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ እገኛለሁ። እርሳስ ይዛችሁ ኑ።